የበረሃዋ ፀሐይ የማን ልጅ ናት?

አጎቴን ሊገድላቸው የነበረው አበባ አንዲት ጠብታ መርዝ አልነበረበትም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ታሪኩን ሳልጨርስ አበባዋን እንዳትጠሉብኝ ብዬ ነው። ቢጫ ናት፤ ታምራለች፤ ማንንም አልዋሸችም። የዋሹት ሌሎች ናቸው። አንደኛው የሐኪም ጋዋን የሚለብስ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የሥጋ ዘመዴ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ስልክ ነው።

ትርንጎ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህ ነገር በደረሰብኝ ሰሞን ግን ማስተማሩን ልተወው አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝ። አብረውኝ የተመረቁ ጓደኞቼ የዕፅዋትን ነገር እርግፍ አድርገው ትተው ባንክ ገብተዋል፤ ክራቫት አስረው፣ መስታወት ጀርባ ተቀምጠው፣ "ቀጣይ!" ይላሉ። እኔም ተፈትኜ አልፌ ጥሪ እጠብቅ ነበር። እስከዚያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ አበባ እየሳልኩ፣ "ይህ ቢጫ ነው እንበል" እያልኩ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼም ይላሉ። ከመስኮቱ ውጭ ቢጫው አበባ ሜዳውን ሞልቶት፣ እኛ ውስጥ ተቀምጠን "እንበል" እንባባላለን።

ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። የኔታ ይትባረክ ይባላሉ፤ ቡሬ ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው "የኔታ" ስለሚሏቸው እኔም፣ ልጃቸውም፣ ባለቤታቸው እንኳ "የኔታ" ነው የምንላቸው። ከእሳቸው ጋር ማውራት ቀላል አይደለም። "እንደምን አደሩ?" ብትሏቸው መልሱ ሁለት ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ አንዱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሌላው ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ይደርሳችኋል። ስኳር ካመማቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ። መድኃኒቱ እንዳይበላሽ እርጥብ አሸዋ በተደረገባት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ፣ ቤቱ ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ቡሬ ሄድኩ። ገና ከበሩ ስገባ ደነገጥኩ። ጋቢው ውስጥ የነበሩት ሰውዬ አንሰዋል። ከንፈራቸው ደርቋል። ከአጠገባቸው በትልቅ ጆግ ቢጫ ውሃ ተቀምጧል፤ አንዱን ብርጭቆ ጨልጠው ሳያስቀምጡት ሌላው ይቀዳል።

ወደ ጥጉ ዞር ብዬ ማሰሮዋን አየሁ። ነጭ ሽንኩርት ተቀምጦባታል።

"እትየ፣ መድኃኒቱ የት ሄደ?" አልኳቸው የየኔታን ባለቤት፣ እትየ ጥሩዓይኔን።

"ተገላገልነው እቴ!" አሉኝ ፊታቸው በርቶ። "ሊቀ ጠበብት አዱኛው ሁለቱ ባንድ ሆድ አይስማሙም ብለውናል። ወይ መርፌው፣ ወይ አበባዋ።"

ሊቀ ጠበብት አዱኛው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። "ሊቀ ጠበብት" የሚለውን ማዕረግ የሰጠው ማን እንደሆነ ቡሬ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ምናልባት ጠዋት ተነስቶ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሾሞ ይሆናል። ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ ከላይ ነጠላ ያጣፋል፣ ከነጠላው ላይ የሐኪም ማዳመጫ ያንጠለጥላል። የማን ልብ እንዳዳመጠበት አይታወቅም። በጠርሙስ የሚሸጠው መድኃኒት "የበረሃ ፀሐይ" ይባላል። ከአባይ በረሃ በቀር የትም አይበቅልም፣ በምድር ላይ ወንድምም እህትም የለውም የተባለለት ቢጫ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ዱቄት ሆኖ ማለት ነው። ስኳር ያድናል፣ ደም ግፊት ያወርዳል፣ ትዳር ያስታርቃል።

ይህን ጉድ ቤት ድረስ ያመጣው የየኔታ ልጅ ባንተአምላክ ነው። ባንቲ እንለዋለን። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አባቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያቸው። ችግሩ ስልኩንም እንደዚያው ነው የሚያየው። ዶሮ እርባታ ሞክሯል፣ ባጃጅ ነድቷል፣ ያን ሰሞን ደግሞ ቪዲዮ ይለቅ ነበር። የሊቀ ጠበብትን የአበባ ለቀማ በረሃ ድረስ ሄዶ የቀረጸው እሱ ነው።

"አንቺ አታምኚም እንጂ ፈረንጆቹ ቀድመው አውቀውታል" አለኝ፣ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ። "አበባውን ፎቶ አንስቼ የአበባ ስም የሚናገረውን አፕ ጠየቅሁት። እይ! የአሜሪካ በረሃ አበባ ነው ይላል። ቢጫ፣ ድርቅ የሚችል። መቶ በመቶ!"

"እሺ፣ ከአሜሪካ አባይ በረሃ በምን መጣች?"

"ትርንጎ ሙች፣ ተፈጥሮ እኮ ናት። ተፈጥሮ ቪዛ አትጠየቅም።"

እሱን ትቼ ወደ የኔታ ዞርኩ። "የኔታ፣ በእናቴ ይሁንብዎ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንሂድ። ይህን ነገር ይተዉት።"

የኔታ ብርጭቆውን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ። "ምኗን አውቀሽ ነው ልጀ?"

"ስኳር በአበባ አይድንም።"

"እኔ ስለ ስኳር አልጠየቅሁሽም። ስለ አበባዋ ነው። ስሟ ማነው?"

ጠርሙሱን አንስቼ አየሁት። ቢጫ ዱቄት ነው። ዱቄት ደግሞ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

"ይኸውልሽ" አሉ የኔታ። "እዚህ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው 'የማን ልጅ ነህ?' ተብሎ ነው። አዱኛው ይችን አበባ ወገን የላትም ይለኛል። አንች ደግሞ ወገኗን ሳታውቂ ትሰድቢያታለሽ። መምህር አይደለሽም እንዴ? የማን ልጅ እንደሆነች ንገሪኝና ያልሽኝን እሰማለሁ። አለዚያ ግን ከማታውቂው ጋር አትጣይ።"

"ከነገርኩዎት ይሄዳሉ?"

"ዘሯን ካገኘሽልኝ እሄዳለሁ።"

እንግዲህ ፍረዱ። አንድ ሽማግሌ ሕይወቱን በአበባ የዘር ሐረግ አስይዟል። ተሸክሞ የሚወስዳቸው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጎልማሳ ነው። ግን የቅኔ መምህርን እንደ ጆንያ አንስቶ ባጃጅ ላይ የሚጭን ጎጃሜ ገና አልተወለደም። የማውቀውን ነርስ ደውዬ ብጠይቀው "አሁኑኑ አምጫቸው" አለኝ። የኔታ "አሁን" የሚለውን ቃል አይወዱትም።

በማግስቱ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ባንቲን ይዤ በነቀምቴ መንገድ ወደ አባይ በረሃ ወረድኩ። ባንቲ የመጣው ሊያሸንፈኝ ነው። እኔ የሄድኩት ደግሞ ተሸንፌ መመለስ ስለፈራሁ ነው።

የሚኒባሱ ሾፌር ከፊት ለፊቱ የፕላስቲክ አበባ ሰቅሏል፤ ቢጫም ቀይም አለበት፣ አቧራ ጠጥቷል። ኔትወርክ ገና ሳይጠፋ "ባንቲ፣ ያን አበባ እስኪ አንሳው" አልኩት።

"ፕላስቲክ ነው እኮ።"

"አፑን ማን ነገረው? አንሳው።"

አነሳው። ስልኩ ትንሽ አሰበና የላቲን ስም አወጣ። ባንቲ ሊደብቀኝ ሲል ቀማሁትና ተሳፋሪው እየሰማ አነበብኩት፤ ፀሐያማ ቦታ እንደሚወድ፣ ውሃ ሲበዛበት ሥሩ እንደሚበሰብስ ይናገራል። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ "ውሃስ አጠጥቼው አላውቅም፤ ለዚህ ነው የቆየልኝ" አለ። ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ባንቲ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ አወረደ።

እውነቱን ለመናገር ያ ስልክ አላጠፋም። "አላውቅም" ማለት አልተማረም እንጂ። የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል፤ ምን ያድርግ!

ከመኪናው ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ተከፈተ ምድጃ ተቀበለን። ከላይ ደጋው ላይ ጋቢ የምንለብስ ሰዎች እዚያ ቆዳችን ራሱ ይከብደናል። ቁልቁለቱ ድንጋይ ነው፤ በየመሃሉ ቀርቀሃ፣ ከፍ ዝቅ ያለ የማሽላ ማሳ።

"ሊቀ ጠበብት የለቀሙት የት ጋ ነው?" አልኩት።

ባንቲ ራሱን አከከ። "እሱ ከአስፋልቱ አልወረደም። እዚሁ ዳር ላይ ቆሞ ነው የቀረጽኩት። ለቅመው የሰጡት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው።"

"ለምን አልወረደም?"

"ፀሐይ አይስማማውም።"

ሳቄን ዋጥኩት። የበረሃ ፀሐይ ባለቤት ፀሐይ አይስማማውም!

ከማሳው ጠርዝ አልፈን ጥቂት እንደወረድን አገኘናት። ከድንጋዩ መሃል፣ ቀጭን ረዥም ግንድ ላይ፣ ቢጫ አበባ። አንድ ሁለት አይደለም፤ ተዳፋቱን ሞልታዋለች። ቅጠሏ እንደ ድንብላል ቅጠል የተተለተለ ነው። ባንቲ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ "እንደምን ዋላችሁ ቤተሰቦች፣ አሁን ያለነው..." ማለት ጀመረ። እኔ ተንበረከክሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ፣ እንዲህ ተንበርክኬ አንድን አበባ "ማን ነሽ?" ብዬ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር። የምጠይቃት ደግሞ ለፈተና አይደለም። ጠርዟ ላይ ያሉትን ቢጫ ቅጠሎች ነካኋቸው። በጣቴ መሃሏን ፈለፈልኩት።

"ባንቲ፣ ያን ስልክ አስቀምጥና ና። ይህ ስንት አበባ ነው?"

"አንድ።"

"አይደለም። ማኅበር ነው። ይህ ዳር ላይ ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ምላስ ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ መሃል ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ሌላ አበባ። አንድ መሶብ ከበው ነው የተቀመጡት። ሱፍም፣ ኑግም እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ወገን የላትም የተባለው ውሸት ነው። ትልቅ ቤተሰብ አላት።"

"እሺ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የማን ልጅ ናት?" አለ። ከአባቱ አፍ የወሰደው ነው።

እሱን አላወቅሁም። ኑግ ትመስላለች፤ ቅጠሏ ግን አይደለም። አደይ ትመስላለች፤ ግን አደይን ከደጋው ሜዳ ላይ ነው የማውቃት፣ ግንዷም እንዲህ አልረዘመም። ፀሐዩ አናቴን ይመታኛል። ቅጠል ስቆጥር፣ ግንድ ስዳስስ፣ አንዱን ይዤ ሌላውን ስጥል ቆየሁ። ተስፋ መቁረጥ ጀመርኩ።

ያኔ ባንቲ "ኤጭ!" አለ። ከወደ ላይኛው በኩል፣ አበባዋ ቀድማ የደረቀችበትን ቦታ ሲያቋርጥ ሹራቡ ላይ ጥቋቁር ነገር ተሰክቶበታል። "ይኸ ጭጎጊት ልብሴን ጨረሰው!"

ሮጬ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት። ጭጎጊት አልነበረም። ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቀንድ ያለው ዘር ነው። የደረቀችውን የአበባ ራስ ቆርጬ መዳፌ ላይ ፈረከስኳት። ያው ነው። ሁለት ቀንድ፣ ሁለት ቀንድ፣ ሁለት ቀንድ።

ዘሯን ካገኘሽልኝ ብለውኝ ነበር የኔታ። እኔ የዘር ሐረግ መስሎኝ ቅጠል ስቆጥር ዋልኩ። ለካ መልሱን ከጥያቄው ጋር ሰጥተውኛል። እሳቸው አስበው ይሁን፣ ወይም ልማድ ሆኖባቸው፣ እስካሁን አልነገሩኝም። ኑግ ዘሩ ቀንድ የለውም። ሌሎቹም ነጭ ጥጥ ነው የሚያወጡት፣ ነፋስ ይዟቸው የሚሄደው። እንዲህ ሁለት ቀንድ ያለውን ዘር የት እንዳየሁት አውቃለሁ፤ በልጅነቴ አደይ አበባ ስትደርቅ፣ ቀሚሴ ላይ።

ልናገር አፌን ስከፍት የባንቲ ስልክ ጮኸ። እናቱ ነበሩ። ድምፃቸው እየተቆራረጠ ለእኔም ይሰማል። "አባትህን አስመለሳቸው... ትንፋሻቸው... ሊቀ ጠበብትን ጠርቻለሁ..." ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ወደ አስፋልቱ የወጣነውን አወጣጥ አላስታውሰውም። ሚኒባስ የለም። በመጨረሻ ማሽላ የጫነ አይሱዙ ቆመልንና ጋቢና ገባን። ያን ዳገት ታውቁት እንደሆነ መኪና አይወጣውም፣ ይማጸነዋል እንጂ። ባንቲ ከንፈሩን እየነከሰ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት" ይላል። ደጋው ጫፍ ላይ ደርሰን ወደ ቡሬ ስንቃረብ፣ መንገዱ ዳር ያለፈበት የአደይ አበባ አየሁ።

"አቁምልኝ!" አልኩት ሾፌሩን።

"አብደሻል?" ባንቲ ጮኸ። "አባቴ እየሞተ አንች አበባ ትለቅሚያለሽ?"

"ባዶ እጄን ብገባ አይነሱልኝም! አባትህን አታውቃቸውም?"

መኪናው ሳይቆም ነው የዘለልኩት ማለት ይቻላል። የደረቀ የደረቀውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተመለስኩ። ባንቲ እያለቀሰ ነበር። ሾፌሩ ሁለታችንንም አየና ምንም ሳይጠይቅ ነዳ።

ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ሊቀ ጠበብት አዱኛው ጋዋኑን ለብሶ መሃል ቆሟል፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው። የኔታ ትራስ ተደግፈው በረዥሙ፣ ተራራ እንደወጣ ሰው ይተነፍሳሉ። ቤቱ ውስጥ የበሰበሰ ሙዝ የመሰለ ሽታ አለ። ያን ሽታ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስኳር ደም ውስጥ ሲከፋ የሚመጣ የትንፋሽ ሽታ ነው።

"አትደንግጡ፣ አትደንግጡ" ይላል አዱኛው። "በሽታው እየተነቀለ ነው። ሥሩ ረዥም ስለሆነ ነው የሚያስጨንቃቸው። አንድ ብርጭቆ ይጨመርላቸው።"

እትየ ጥሩዓይኔ ጆጉን አነሱ። ባንቲ ከእጃቸው ቀማቸው። በሕይወቱ እናቱን ተቃውሞ አያውቅም፤ ጆጉን ይዞ እንደ ሐውልት ቆመ።

እኔ የኔታ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ገለጡ። "መጣሽ? የማን ልጅ ናት?"

"ዘሯን ይዤልዎት መጣሁ።"

መዳፋቸውን ዘርግቼ በረሃ የለቀምኩትን ዘር በአንድ በኩል፣ የአደዩን በሌላ በኩል አስቀመጥኩላቸው። ብራና የሚያነቡበትን አጉሊ መነጽር ከራስጌያቸው አንስቼ ያዝኩላቸው። እጃቸውን ከሥር ደገፍኩላቸው።

"ቀንድ" አሉ በቀስታ። "ሁለት። ያኛውም ሁለት።"

"ወገኗ አደይ አበባ ናት የኔታ። ያቺው በእንቁጣጣሽ ልጆች ታቅፈዋት የሚዞሩት። ይህች በረሃ ወርዳ የቀረች እህቷ ናት። ከብት ይበላታል፣ ንብ ይቀስማታል። ስኳር ግን አታውቅም።"

አዱኛው ሳቀ። "አደይ! አደይማ በደጃችን ሞልታ የለ! ሰው ከደጁ ያለውን ይዞ ይድናል እንዴ? እስኪ ትንገረን፣ ይህች ራሷ ሙሉ ስሟ ማነው? ትናገር!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የአደይ እህቶች ብዙ ናቸው፤ ይህች የትኛዋ እንደሆነች አላወቅሁም ነበር። መዋሸት እችል ነበር፤ አንድ የላቲን ስም ብወረውር ማንም አይይዘኝም። ባንቲ እንኳ በዓይኑ "በይ እንጂ!" ይለኛል።

"ሙሉ ስሟን አላውቅም" አልኩ። "ወገኗን ነው የማውቀው። ስንተኛዋ እህት እንደሆነች ለማወቅ ከእኔ የበለጠ የተማረ መጠየቅ አለብኝ።"

"አላውቅም አለች!" አዱኛው እጁን አጨበጨበ። "ሰማችሁ?"

የኔታ መነጽሩን ዝቅ አደረጉ። "አዱኛው" አሉ፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሱ። "አንተስ... የማታውቀው ነገር አለ?"

"ስለዚህ መድኃኒት? በፍጹም የኔታ! የማላውቀው የለም።"

"እንግዲያስ እግዜር ነሃ። እኔ ደግሞ... ዛሬ የምፈልገው ሐኪም ነው። ባንተአምላክ፣ ባጃጅ ጥራ።"

ባንቲ ከነጆጉ ነው የሮጠው። ውሃው ደጁ ላይ ፈሰሰ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ወዲያው ተቀበሉን። ወጣቱ ሐኪም ትንፋሻቸውን እንደሰማ ነርሶቹን ጠራ፤ ግሉኮስ አይደለም፣ ጨዋማ ውሃ ነው፣ ኢንሱሊን ነው፣ እየተባባሉ ሲሯሯጡ ቆዩ። በኋላ ወጣና "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." ብሎ ቀሪውን ሳይጨርሰው ተወው። ባንቲ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ጥቂት ቀን አልጋ ያዙ። ነፍሳቸው መለስ ስትል አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። "የሰው ቅኔ ስፈታ ኖሬ የዱቄት ቅኔ አሸነፈኝ" አሉ። "ስም አወጣላት፤ ስሟ ሰም ሆነ። እኔም ወርቁን ሳልፈልግ ሰሙን ላስኩት።" ከዚያ ፈገግ አሉ። "አልጣፈጠኝም ደሞ።"

እንግዲህ ከዚህ በኋላ አገሩ ሁሉ አጨበጨበልኝ፣ አዱኛው አፍሮ አገር ለቀቀ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። የኔታ ሆስፒታል በገቡ ማግስት አዱኛው ደጅ ላይ ሰልፍ ነበር። "የየኔታ እምነት ጎድሎ ነው እንጂ አበባዋማ" ተባለ። እትየ ጥሩዓይኔ እስካሁን ድረስ ለጎረቤት ሲያወሩ "አበባዋ በሽታውን ፈታችው፣ ሐኪሞቹ ጠረጉት" ነው የሚሉት። ባንቲ ስህተቱን የሚናገር ሌላ ቪዲዮ ሠራ። የመጀመሪያውን አገር ምድሩ ተቀባብሎታል፤ ሁለተኛውን ያየነው እኔና እሱ ነን። እኔም ድምፁ ጥሩ አይሰማም ብዬ ነው ደግሜ ያየሁት።

የእኔ ነገር ግን ተለወጠ። ባንኩ ሲጠራኝ አልሄድኩም። ጓደኞቼ እብድ አሉኝ፤ ልክ ሳይሆኑም አይቀሩም። ምክንያቴን ስጠየቅ "ሙያዬን ወድጄ ነው" አልልም። እንዲያ የሚሉ ሰዎች ያሳፍሩኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዚያ ቀን አንድ ሰው የማውቀውን ነገር በምር ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አንዴ በምር ከተጠየቁ በኋላ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ "ቀጣይ" ማለት ይከብዳል። አሁን ትምህርቱን ሜዳ ላይ ነው የምሰጠው። ተማሪዎቼ ያገኙትን አረም ሁሉ ነቅለው እያመጡ "ቲቸር፣ ይቺስ የማን ልጅ ናት?" ይሉኛል። ግማሹን አላውቀውም። "አላውቅም" ስላቸው እንደ ድል ይጨፍራሉ። ይጨፍሩ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም ቤት ውስጥ በጠርሙስ የተቀመጠ ነገር ካለ አልከራከራችሁም። ሽንጣችሁን ገትራችሁ ትመልሱልኛላችሁ፤ አውቃለሁ፣ አገሬ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ የሸጠላችሁን ሰው "የማታውቀው ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁት። የለም ካላችሁ፣ መርፌያችሁን አትጣሉ።

ባለፈው ሰሞን ለሥልጠና ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ፣ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሳይንቀሳቀስ አንድ ጎልማሳ ካርቶን ይዞ ገባ። ቢጫ ጠርሙስ።

"የበረሃ ፀሐይ!" አለ ጮክ ብሎ። "የአደይ አበባ የሥጋ እህት መሆኗ በባዮሎጂ ባለሙያ የተረጋገጠላት!"

ጆሮዬን አላመንኩትም። ጠርሙሱን ተቀብዬ አነበብኩት። እውነትም ተጽፎበታል፦ "በባለሙያ የተረጋገጠ"። አዱኛው ከእኔ ሽንፈቱን አልወሰደም፤ ማስታወቂያ ነው የወሰደው።

ተነስቼ ቆምኩ። "ባለሙያዋ እኔ ነኝ!" አልኩ። ከዚያ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ ዘሩ፣ ስለ የኔታ፣ ስለዚያ ትንፋሽ። አውቶቡሱ በሙሉ አዳመጠኝ። ስጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "እታለም፣ ያረጋገጥሽው አንች ከሆንሽ ትንሽ አታስቀንሽልንም?" አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሁለት ሰዎች ዓይኔ እያየ ገዙ። ሻጩ አመሰገነኝና ወረደ።

ተቀመጥኩ። ፊቴ ይቃጠላል። መኪናው ከተማውን ለቆ እንደወጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠች፣ እስከዚያ ድረስ ያልተነፈሰች ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ወደ እኔ አዘነበለች።

"እኅቴ፣" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "እኔ መርፌውን ከተውኩት ሰነበትኩ። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስጠጣ ነው ያደርኩት። አሁን ቢጀመር ይረፍድብኝ ይሆን?"

ትንፋሿን አሸተትኩት። ከዚያ ቦርሳዬን አነሳሁና ረዳቱን ጠራሁት። ሥልጠናው ቀረ፤ ሁለታችንም ሐኪም ቤት ፍለጋ ደምበጫ ላይ ወረድን።